የዳኛ ያለህ! የፋሲል ከነማ ደጋፊ ብሶት ከ2009 እስከ 2017

ጎንደር ላይ የፋሲል ከነማ ወሬ ከተነሳ ክርክሩ ብዙ ጊዜ ከሁለት በአንዱ ያልቃል። ወይ "ዳኛ ነው የበላን" ይባላል፣ ወይ "ምን ዳኛ ዳኛ ትላለህ፣ ቡድኑ መቼ ተጫወተና!" ይባላል። ፒያሳም፣ ማራኪም፣ አዘዞም፣ ወደ ደጋው ወጣ ሲሉ አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባትና ደባርቅም ክርክሩ ያው ነው። አጼዎቹ፣ ማለትም ፋሲሎች፣ ሲያሸንፉ ሁለቱም ወገን አብሮ ይጨፍራል። ሲሸነፉ ግን አንዱ ፊሽካውን፣ ሌላው አሰልጣኙን እየረገመ ወደ ቤቱ ይገባል።

ይህ ዳሰሳ ፋሲል ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ከተመለሰበት ከ2009 እስከ 2017 ያሉትን የውድድር ዓመታት ይመለከታል። በእነዚህ ዓመታት ቡድኑ ዋንጫ አንስቷል፣ ዋንጫ ከእጁ አምልጦታል፣ ተዳክሟልም። የደጋፊው ብሶት ግን ከፍ ዝቅ እያለ ቀጥሏል፤ ከዓመት ዓመት የቀነሰው ሰሚው ነው።

2009 እና 2010፦ ሜዳው የሞላበት ጊዜ

በ2008 መጨረሻ ጎንደር በአንድ ክረምት አንዱን ቡድን ሸኝታ ሌላውን ተቀበለች። ዳሽን ቢራ ከፕሪሚየር ሊጉ ሲወርድ፣ በአሰልጣኝ ዘማርያም ወልደጊዮርጊስ የሚመራው ፋሲል ከነማ ከከፍተኛ ሊግ አለፈ። ዳሽን የፋብሪካው ቡድን ነበር። ፋሲል የከተማው ነው፤ ስለዚህ ሲሸነፍ የሚያመው ሰውም በዛ። የጨዋታ ቀን ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በሚኒባስ የሚወርደው ወጣት፣ ከወገራ እህሉን ሸጦ በዚያው ስታዲየም የሚገባው ገበሬ፣ የከተማው ነጋዴና ተማሪ ፋሲለደስ ስታዲየም ላይ ይገናኛሉ።

በዚያን ጊዜ ብሶት አድራሻ ነበረው። መስመር ዳኛው ባንዲራ ሲያነሳ ተቃውሞው እዚያው ጆሮው ላይ ያርፋል። የክለቡ ቦርድ አባላት ጥላ ፎቅ ላይ ተቀምጠው ሕዝቡ የሚለውን ይሰማሉ። ተጫዋች ሲያጠፋ ስሙ ተጠርቶ ይወቀሳል። ስድቡ አያምርም ነበር፤ ነገር ግን ማን ምን እንደተባለ ሁሉም ያውቃል።

ይኸው ቅርበት አደጋም ነበረው። በ2010 የአገሪቱ ሊግ በዳኛ ጉዳይ ክፉኛ ታመመ። ወልዲያ ላይ ወልዲያና ፋሲል ባደረጉት ጨዋታ ደጋፊ ሜዳ ገብቶ ዳኞች ጥቃት ደረሰባቸው፣ ጨዋታውም ተቋረጠ። ሚያዝያ ላይ ደግሞ አዲስ አበባ ስታዲየም ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ ከመከላከያ ሲጫወት የወልዋሎ ቡድን መሪ ዋና ዳኛውን ኢያሱ ፈንቴን ሜዳ ላይ መታ። ዳኞች "ደኅንነታችን ሳይረጋገጥ አናጫውትም" አሉ፣ ሊጉም ቆመ። "ዳኛ ይበድለናል" የሚለው ሁሉ፣ የሚበደል ዳኛም እንዳለ ያየው ያኔ ነው።

2011፦ ያልሻረው ቁስል

ፋሲል ከነማ በውበቱ አባተ ሥር ኳስ መሥርቶ የሚጫወት ቡድን ሆነ። ሱራፌል ዳኛቸው አማካይ ላይ ኳስ ሲይዝ፣ ሽመክት ጉግሳ በክንፍ ሲነሳ፣ ሙጂብ ቃሲም ግብ ፊት ሲቆም ማየት የደጋፊውን ተስፋ አናት ላይ አወጣው። ቡድኑ ሊጉን እየመራ ለመጨረሻው ጨዋታ ደረሰ። ከስሑል ሽረ ጋር አቻ ተለያየ፤ መቐለ 70 እንደርታ በሜዳው ድሬዳዋ ከተማን አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

ስለዚያ ዓመት ዛሬም ሁለት ጎንደሬ ከተጨዋወተ ዳኛ ይነሳል። ሽረና መቐለ የትግራይ ክለቦች ስለሆኑ ዘመኑን ማስታወስ ግድ ይላል። የአማራና የትግራይ ክለቦች ግጥሚያ የት ይካሄድ የሚለው ጥያቄ ከኳሱ ያላነሰ ያከራክር ነበር። የሁለቱ ክልሎች ፖለቲካ በከረረበት ሰዓት ፊሽካ ሁሉ የወገን ፊሽካ ሆኖ ይሰማል፤ የተሳሳተውን ውሳኔ ከተንኮል ለይቶ የሚያይ ዓይን ይጠፋል። የተጋጣሚው ደጋፊም በራሱ በኩል እንዲሁ ይሰማው ነበር።

ሆኖም ሊጉ 30 ጨዋታ ነበረው። ደጋፊው የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ነው። በዓመቱ መካከል በደካማ ቡድኖች ላይ የተጣሉት ነጥቦች ከዳኛ ጋር አልተያያዙም፣ ስለዚህ ተረሱ። የብሶት መዝገብ ወጪን እንጂ ገቢን አይጽፍም፤ ለፋሲል ያደላ ውሳኔ የትም አልተመዘገበም።

ዓመቱ ባዶ አልሆነም። ፋሲል የኢትዮጵያ ዋንጫን አንስቶ ለአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ አለፈ። የታንዛኒያውን አዛም ባሕር ዳር ላይ 1 ለ 0 አሸንፎ ዳሬሰላም ላይ 3 ለ 1 ተሸነፈና ወጣ። በዚህ ሽንፈት ከዳኛው ይልቅ መከላከሉና የጉዞ ዝግጅቱ ተወቀሰ። የውጭ ዳኛ ሲሆን ትችቱ ወደ ቤት ይመለሳል።

2012 እና 2013፦ ዋንጫው ያለ ሜዳው መጣ

በ2012 አሰልጣኙ ስዩም ከበደ ሆነ። ፋሲል ሊጉን እየመራ ሳለ ኮቪድ መጣ፤ ፌዴሬሽኑም ውድድሩን ያለ ሻምፒዮን ሰረዘው። ጎንደር በሁለት ዓመት ሁለተኛ ጊዜ ዋንጫ እያሸተተች ቀረች። ዳኛም፣ ተጋጣሚም፣ የራስ ተከላካይም ሳይጠየቅ የቀረ ኪሳራ ስለነበር ደጋፊው በማን ላይ እንደሚጮህ ግራ ገባው።

በቀጣዩ ዓመት ሊጉ መልኩን ለወጠ። ቡድኖች በየሜዳቸው መጫወታቸው ቀርቶ ሁሉም አንድ ከተማ ላይ ተሰብስበው ጥቂት ሳምንት ተጫውተው ወደ ሌላው መሄድ ጀመሩ፦ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ሊጉን የሚመራው አዲሱ አክሲዮን ማኅበር ነበር፤ ስሙን ቤትኪንግ ገዛው፤ ጨዋታውን ሱፐርስፖርት በዲኤስቲቪ አስተላለፈው። ፋሲል ከነማ ጨዋታዎች እየቀሩት የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ አረጋገጠ። አምበሉ ያሬድ ባየ፣ ማሊያዊው ግብ ጠባቂ ሚኬል ሳማኬና ጓደኞቻቸው ይህን ሲያደርጉ ጎንደር ላይ አንድም የሊግ ጨዋታ አልተደረገም።

እዚህ ላይ የዳኛ ክርክሩ ትልቅ ማስረጃ ያገኛል። በኮቪድ ወቅት በአውሮፓ ሊጎች ባዶ ስታዲየም ላይ የተደረጉ ጨዋታዎችን የመረመሩ ተመራማሪዎች የሜዳ ባለቤትነት ጥቅም መቀነሱን፣ ለእንግዳ ቡድን ይሰጥ የነበረው ቢጫ ካርድም ማነሱን አይተዋል። ዳኛ የሕዝብ ጩኸት ይሰማል፣ ይነካዋልም ማለት ነው። ታዲያ ፋሲለደስ ስታዲየም ሞልቶ ሳለ ያ ጩኸት ለማን ይሠራ ነበር? ለፋሲል ነዋ! የ2013ቱ ቡድን ያን ጥቅም ሳያገኝ ነው ሻምፒዮን የሆነው። ጥሩ ቡድን ዳኛውን ከክርክር ያወጣል፤ በዚያ ዓመት ፊሽካ ሲወቀስ አልሰማንም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

2014፦ የመጨረሻው ጠርዝ

የሻምፒዮንነቱ ዘውድ የከበደ ሆነ። በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 2፣ ኦምዱርማን ላይ 1 ለ 1 ተለያይቶ ከሜዳ ውጪ በሚቆጠር ግብ ሕግ ወጣ። በድምር ሳይሸነፍ መውደቅ ደጋፊውን አንገበገበው። ሙጂብ ቃሲም ወደ አልጄሪያው ጄኤስ ካቢሊ ሄዶ ስለነበር፣ ቁጭቱ "አጥቂያችንን ሸጠን በምን ልናገባ ነው?" የሚል ነበር።

ሊጉ ውስጥ ስዩም ከበደ መሐል ላይ ተሰናበተ፣ ኃይሉ ነጋሽ ተረከበ፣ ቡድኑም ተነቃቃ። እስከ መጨረሻው ቀን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር ተናንቆ ሁለተኛ ሆነ። ከዚያ በኋላ ያሬድ ባየ ወደ ባሕር ዳር ከነማ ተሻገረ። አምበልህ ለጎረቤት ባላንጣ ማሊያ ሲለብስ ማየት የትኛውም የዳኛ ውሳኔ የማይተካከለው ሕመም ነው።

ከ2015 እስከ 2017፦ ብሶት በዲኤስቲቪ ቤት

በእነዚህ ሦስት ዓመታት ዋንጫው ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ወደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክና ወደ ኢትዮጵያ መድን ሄደ። ፋሲል እስከ መጨረሻው አልተፎካከረም። በ2015 በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የብሩንዲውን ቡማሙሩን ጥሎ በቱኒዚያው ስፋክሲያን ተገታ። አሰልጣኝ ተቀያየረ፤ በ2016 ውበቱ አባተ ተመልሶ መጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሱራፌል ዳኛቸው ወደ አሜሪካ ተሻገረ። የሻምፒዮኑ ቡድን አጥንት በየአቅጣጫው ተበተነ፤ በምትኩ የመጣው ግን ያን ያህል አልሆነም።

ሊጉ በእነዚህ ዓመታትም በተመረጡ ከተሞች ነው የተካሄደው። መጀመሪያ ምክንያቱ ኮቪድ ነበር፣ ቀጥሎ የቀጥታ ስርጭት፣ በኋላም የሜዳ ደረጃና ጸጥታ። ከጎንደር ሐዋሳ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ድሬዳዋ ከዚያም ይርቃል። በ2015 ክረምት የአማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ሲገባ መንገዱ የማይደፈር ሆነ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ ውጤት በሬዲዮና በስልክ የሚጠየቅበት ጊዜ መጣ።

የቀረው ዲኤስቲቪ ቤት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ዲኮደር አለ፣ ሁለት ጨዋታ አለ። ግማሹ አርሰናልን ለማየት ከፍሎ ገብቷል፤ ከኋላ ወንበር አንዱ "ጋሼ፣ ፋሲልን ያድርጉልን እንጂ!" ይላል። ባለቤቱ ሕዝቡን ቆጥሮ ይወስናል። ጣቢያው ሲቀየር አንድ ነገር አብሮ ይቀየራል። እንግሊዝ ላይ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቫር (የቪዲዮ ረዳት ዳኛ) አለ፤ መስመር ይሰመራል፣ የተጫዋች ትከሻ ኦፍሳይድ ሆነ አልሆነ ይለካል። የእኛ ሊግ በእነዚህ ዓመታት ቫር አልነበረውም። ደጋፊው ዓይኑን በቫር አሠልጥኖ ነው ፋሲልን የሚያየው። ካሜራው ድጋሚውን ሲያሳየው የዳኛው ስህተት ፊቱ ላይ ይፈጥጣል፤ ዳኛው ግን ያን ምስል አላየም። ሜዳ ላይ አንድ ጊዜ፣ ከአንድ ማዕዘን፣ ባላበው ዓይን ነው የወሰነው።

ስለዚህ ማስረጃው በዛ፣ መፍትሔው ግን አልመጣም። የእግር ኳስ ሕግ ዳኛው በጨዋታ ሂደት አይቶ የወሰነው የመጨረሻ ነው ይላል። ክለብ ክስ ማስያዝ የሚያዋጣው የሕግ አተገባበር ስህተት ወይም የተጫዋች ተገቢነት ሲሆን ነው። እንዲህ ያለው ብርቅ ጉዳይ በ2005 እ.ኤ.አ. ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ኡዝቤኪስታንና ባሕሬን ሲጫወቱ ታይቷል። ዳኛው መደገም የነበረበትን የኡዝቤኪስታን ፔናሊቲ ሽሮ ለባሕሬን ቅጣት ምት ሰጠ። 1 ለ 0 ያሸነፈችው ኡዝቤኪስታን ከስሳ ውጤቱ ከፍ እንዲልላት ጠየቀች፤ ፊፋ ጨዋታው ይደገም አለ፤ ከድጋሚውና ከመልሱ ጨዋታ በኋላ ባሕሬን አለፈች። ከሳሽ ባገኘው ፍርድ የከሰረበት ጉዳይ ነው።

"የእኛ ዳኞች አይችሉም" የሚለው አባባልም ብዙ ርቀት አይወስድም። በዓምላክ ተሰማ በአፍሪካ ዋንጫ፣ ሊዲያ ታፈሰ በሴቶች የዓለም ዋንጫ ያጫወቱት ከዚሁ አገር ወጥተው ነው። ችሎታ አለ። የጎደለው ዳኛው ሲሳሳት ስህተቱ ተመርምሮ ውጤቱ ለሕዝብ የሚነገርበት አሠራር ነው። የጨዋታ ኮሚሽነሩ ሪፖርት ይጽፋል፣ ዳኛ አንዳንዴ ይቀጣል፤ ደጋፊው ግን ይህን ከወሬ ነው የሚሰማው። ያልተነገረ ፍርድ ደግሞ እንዳልተፈረደ ይቆጠራል።

ከዳሰሳው የሚወጣው

ዓመታቱን አንድ ላይ ስናያቸው የዳኛ ብሶት ከፍ የሚለው ፋሲል በጣም ደካማ ሲሆንም፣ በጣም ጠንካራ ሲሆንም አይደለም። ለጥቂት ሲጎድለው ነው። በ2011 ናረ፣ በ2013 ጠፋ፣ ቡድኑ ሰንጠረዥ መሐል ሲቀመጥ ደግሞ የዘወትር ማጉረምረም ሆነ። ይህ ማለት ዳኛ አይበድልም ማለት አይደለም። ዳኛ የሚወስደው ነጥብ የሚጎዳው ሌላ ትርፍ ነጥብ ያልያዘን ቡድን ነው። ያን ትርፍ የሚያጠራቅመው የተጫዋች ምልመላ፣ የአሰልጣኝ መርጋትና የክለብ አስተዳደር ነው፤ ይህ ደግሞ የጎንደር የራሷ ጉዳይ ነው።

ሊጉ አከራካሪ ውሳኔዎችን በየሳምንቱ መርምሮ "ይህ ስህተት ነበር፣ ይህ ትክክል ነበር" ብሎ በይፋ ቢናገር ወጪው ትንሽ ነው። ክለቡም በዓመት አንድ ጊዜ ማን ለምን እንደተሸጠ፣ ማን ለምን እንደተገዛ ለደጋፊው ቢያስረዳ የሚከፍለው ገንዘብ የለም። ከባዱ ሜዳው ነው፤ ሰላምም ገንዘብም ይጠይቃል። ፋሲለደስ ስታዲየም ጨዋታ ቢመለስለት ዋንጫ አብሮ ይመለሳል ብሎ መማል አይቻልም፤ የ2013ቱ ዋንጫ ያለ እሱ ነው የመጣው። የሚመለሰው ተጠያቂነት ነው። ሰነፍ የተጫወተ ተጫዋች፣ የተቻኮለ ቦርድና ያጠፋ ዳኛ በአንድ ከሰዓት አንድ ሕዝብ ፊት ሲቆሙ እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ይሸከማል። አሁን የሦስቱንም ጥፋት ብቻውን የተሸከመው ዳኛው ነው፤ ቡድኑን የሚያስተዳድሩትም በዚህ ብዙ የተከፉ አይመስሉም።