ንግግሩ የት ሄደ?

ሚኪ ሊላንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቅዳሜ ማታ ፊልም ከፍቼ ነበር። ዝናቡ ይዘንባል፣ መኪናው ይጮኻል፣ ሙዚቃው ቤቱን ሞልቶታል። ተዋናዩ ግን አፉን ያንቀሳቅሳል እንጂ ቃሉ አይሰማም። ንግግሩን ለመስማት ድምፅ ስጨምር ወዲያው ተኩስ ይመጣና ግድግዳው ከጎረቤት በኩል ይንኳኳል። በማግስቱ ማጫወቻውን በፌስታል ይዤ ጥገና ቤት ሄድኩ። ተከፈተ፣ አቧራው ተጠረገ፣ ሒሳብ ከፍዬ መለስኩት። ንግግሩ ግን አልተመለሰም። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ማጫወቻው ምንም አልነካውም። ንግግሩን ቤቴ ውስጥ ወደሌለ ስፒከር ይልክ ነበር።

ይህ ብልሽት የሚመስል ግን ብልሽት ያልሆነ ነገር በየቤቱ አለ። ሆም ቴአትር ብለን የምንገዛውን ዕቃ አሠራር ሳናውቅ ደግሞ ሁለቱን መለየት ከባድ ነው።

ቀራኒዮ መድኃኔ ዓለም ማሕሌት ቆሞ ያደረ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። መዘምራኑ በቀኝና በግራ ይቆማሉ፤ የየወገኑ አለቆችም ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ይባላሉ። አንዱ ወገን ሲያነሣ ሌላው ሲቀበል፣ ዓይኑን የጨፈነ ሰው እንኳ ዜማው ከየት ወደየት እንደተሻገረ ያውቃል። ስቴሪዮ የሚባለው ይኸው ነው፤ ሁለት መስመር፣ ቀኝና ግራ። 5.1 የሚባለው ደግሞ በዚህ ላይ መሃለኛ መስመር፣ ከአድማጩ ጎንና ኋላ የሚቀመጡ ሁለት መስመሮች እና ለወፍራም ድምፅ ብቻ የሚሆን አንድ መስመር ይጨምራል። ነጥብ አንድ የተባለው ይህ የመጨረሻው፣ እኛ ቤዝ የምንለው ነው። እስከ 120 ኸርዝ ያለውን ብቻ ስለሚይዝ እንደ ሙሉ መስመር አይቆጠርም።

ድምፅን በተመልካቹ ዙሪያ የማሰማት ሙከራ የቆየ ነው፤ የዲዝኒው «ፋንታዚያ» እ.ኤ.አ. በ1940 ለዚሁ ሲባል ልዩ መሣሪያ ተሠርቶለት ነበር። ዛሬ በየፊልሙ የምናገኛቸው ሁለቱ ዲጂታል ዓይነቶች ግን የ1990ዎቹ ልጆች ናቸው። ዶልቢ ዲጂታል እ.ኤ.አ. በ1992 ከ«ባትማን ሪተርንስ» ጋር፣ ዲቲኤስ ደግሞ በዓመቱ ከ«ጁራሲክ ፓርክ» ጋር ወጡ።

አሁን ወደ ጠፋው ንግግር እንመለስ። ፊልም ሠሪዎች ንግግሩን በብዛት የሚያኖሩት በመሃለኛው መስመር ነው፤ የትኛውም ወንበር ላይ ብትቀመጡ ቃሉ ከስክሪኑ የመጣ እንዲመስል ነው። የእኔ ማጫወቻ ሴቲንጉ 5.1 ላይ ተደርጎ ነበር። ከኋላው ግን የተሰካው ቀይና ነጩ ገመድ ብቻ ነው፤ ማለትም የፊት ቀኝና ግራ። መሃለኛው ማንም ባልሰካበት ቀዳዳ በኩል በከንቱ ይወጣ ነበር። ሴቲንጉን ወደ ስቴሪዮ ስቀይረው ማጫወቻው መሃለኛውን ጥቂት ቀንሶ ለሁለቱ አከፋፈላቸው፤ ተዋናዮቹም ተናገሩ። አንዲት ቁልፍ ናት፤ ለእሷ ነው የከፈልኩት።

ቤዛችሁም፣ የኋላ ስፒከሮቻችሁም በደንብ እየሠሩ ንግግር ብቻ ከጠፋ እንግዲህ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት መሃለኛውን ነው። ሪሞቱ ላይ ወይም ሜኑው ውስጥ ቴስት ቶን የሚባል አለ፤ በየስፒከሩ ተራ በተራ የሹክሹክታ ዓይነት ድምፅ ያሰማል። አንዱ ዝም ካለ መጀመሪያ ገመዱን፣ ቀጥሎ ስፒከሩን ከሚሠራው ጋር አቀያይሩ። ዝምታው ከገመዱ ጋር ከሄደ ጥፋቱ የገመዱ ነው፤ እዚያው ስፒከሩ ላይ ከቀረ የስፒከሩ፤ ቀዳዳው ላይ ከቀረ የማጉያው ነው። ጥገና ቤት መሄድ ያለበትም ያኔ ነው፤ ይህንን ለይቶ የሄደ ሰው ባለሙያውንም ያግዛል።

ቴስት ቶኑ ሁሉም ላይ ከተሰማና ፊልሙ ግን ከፊት ብቻ ከሆነ፣ ችግሩ ዕቃዎቹ እርስ በርስ አለመግባባታቸው ነው። በኤችዲኤምአይ የተገናኙ ዕቃዎች ከመጀመራቸው በፊት ይነጋገራሉ፤ ቴሌቪዥኑ «እኔ የምችለው ይህን ይህን ነው» ብሎ ለማጫወቻው ይነግረዋል። «ሁለት መስመር ብቻ» ካለው ማጫወቻው ስድስቱን ወደ ሁለት ጨምቆ ይልካል፤ ከቴሌቪዥኑ ወዲያ የተሰካው ሆም ቴአትር ስድስቱን ቢችልም አይደርሱትም። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ማጫወቻውን መጀመሪያ ሆም ቴአትሩ ላይ ሰክቶ ምስሉን ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ ማሳለፍ፤ አለዚያም የቴሌቪዥኑን የድምፅ ሴቲንግ ከፒሲኤም ወደ ቢትስትሪም መቀየር። ፒሲኤም ማለት ተፈትቶ የሚላክ ድምፅ ነው፤ ቢትስትሪም እንደታሸገ የሚላክ፣ ፈቺውም ሆም ቴአትሩ ነው። ኮዲ የተባለውን የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ፓስስሩ ብለው የሚያገኙት ይህንኑ ነው። ሆም ቴአትሩ መፍታት የማይችለውን ከላካችሁበት ግን ወይ ጭጭ ይላል ወይ ይንሿሿል፤ ያኔ ወደ ፒሲኤም መመለስ ነው።

ፍላሽ በቀጥታ ቴሌቪዥን ላይ ሰክቶ ምስል ያለ ድምፅ የሚያይም ብዙ ነው። ብዙ ጊዜ ፋይሉ አልተበላሸም፤ ድምፁ የታሸገው ቴሌቪዥኑ በማይፈታው ዓይነት፣ ለምሳሌ በዲቲኤስ፣ ስለሆነ ነው። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ባወጣቸው ቴሌቪዥኖች ዲቲኤስን መፍታት አቁሟል። ያው ፍላሽ ላፕቶፕ ላይ በቪኤልሲ ሲከፈት ይናገራል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መነገር አለበት። አምስት ሳጥንና ቤዝ ያለው ዕቃ ሁሉ 5.1 አይደለም። የድምፅ መግቢያው ቀይና ነጭ ገመድ፣ ኦክስ ወይም ብሉቱዝ ብቻ ከሆነ የሚገባለት ሁለት መስመር ነው፤ ከኋላ የምትሰሙት ብዙ ጊዜ የፊተኛው ግልባጭ ነው። ብሉቱዝ ሙዚቃ የሚያስተላልፈው በሁለት መስመር ነው። ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ዕቃውን አዙሩና ከኋላው ኤችዲኤምአይ፣ ኦፕቲካል ወይም ስድስት የድምፅ ቀዳዳ መኖሩን እዩ። ሳጥን አትቁጠሩ፤ ቀዳዳ ቁጠሩ። በሪሲቨር የምናያቸው የአገራችን ጣቢያዎችም በአብዛኛው በሁለት መስመር ስለሚመጡ፣ ዜና ሲነበብ የኋላ ስፒከር ዝም ቢል አልተበላሸም።

ኡውው የሚለው ጉምጉምታ ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜ የመብራቱ 50 ኸርዝ ድምፅ ነው። ሁሉንም አጥፍታችሁ የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ንቀሉትና እንደገና አብሩ። ከጠፋ መንገዱ በዲሹ በኩል ነው፤ ዕቃዎቹን ሁሉ ከአንድ ዲቫይደር ላይ መሰካት ብዙ ጊዜ ይቀንሰዋል። ኧርዙን ግን በፍጹም አትቁረጡ፤ የተቀመጠው ለሕይወታችሁ ነው።

ስለ አቀማመጥ ትንሽ። የኮንዶሚኒየም ሳሎን ጠባብ ነው፤ ሶፋው ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚቀመጠው፤ ስለዚህ ከኋላ ቦታ የለም። የኋላዎቹን ስፒከሮች ከሶፋው ግራና ቀኝ፣ ከጆሮ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሏቸው። መስፈርቱም ቢሆን ከፊት ለፊት ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ነው የሚለው፤ ከጀርባ አይደለም። ሜኑው ውስጥ ርቀት ሲጠይቃችሁ በሜትር ለክታችሁ ሙሉ፤ ድምፅ 1 ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ማሽኑም የቅርቡን አዘግይቶ ሁሉንም እኩል ያደርሳቸዋል። ቤዙን ከጥግና ከጎረቤት ግድግዳ አርቁት። የ40 ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ ከ8 ሜትር በላይ ነው፤ ብሎኬት አያቆመውም። ጥግ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ይበልጥ ያጓራል።

ሌሊት ፊልም የምታዩ ጎረቤቶቼ ሆይ፣ ሜኑው ውስጥ ናይት ሞድ የሚል አለ፤ ተኩሱን ዝቅ፣ ንግግሩን ከፍ ያደርገዋል። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ እሱን አብሩት፤ ከግድግዳው ወዲያ ነገ ጠዋት ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ተኝቷል።