ኔትወርክ ሲሄድ ቡና ልትጠጣ የምትወጣው

ጠጋ በሉማ። ይሄን ጮክ ብዬ አላወራውም።

የመረጃ ትንተና በሚሠራበት ቢሮ ኔትወርክ ድንገት ሲሄድ ሰዎቹን አይታችኋል? አንዱ “ወይኔ!” ብሎ ራሱን ይይዛል። ሌላው ራውተሩን ሊነካካ ይሮጣል። አንዷ ግን ቀስ ብላ ትነሳና ቡና ልትጠጣ ትወጣለች። ጠዋት ያስጀመረችው ስሌት ገና አላለቀም። ፊቷ ላይ ግን ምንም ድንጋጤ የለም።

ምን ብታውቅ ነው?

ከእንደሷ ዓይነቶቹ ጋር ዓመታት አብሬ ስለሠራሁ ልንገራችሁ። ሪፖርቱ ላይ የምታዩት ያማረ ሠንጠረዥ በአንድ ትንፋሽ የተሠራ ይመስላል። ከጀርባው መስመሩ ስንቴ እንደተቋረጠ ብታዩ! ጎበዞቹ ላይም ይቋረጣል። እነሱ ግን ሥራውን የሚጀምሩት ከመጀመሪያዋ ደቂቃ እንደሚቋረጥ ቆጥረው ነው።

በጣም የምወደውን ምስጢር ላስቀድም። ከላፕቶፓችሁ ሆናችሁ ሩቅ ባለ ሰርቨር ላይ ስትሠሩ ስሌቱ ያለው እዚያ ነው፤ የእናንተ ስክሪን መስኮት ብቻ ነው። ታዲያ መስኮቱ ሲዘጋ ቤቱ ለምን ይፈርሳል?

ነገሩ የመጣው ከድሮ ስልክ ነው። ሰው ከኮምፒውተር ጋር በስልክ መስመርና በሞደም ይገናኝ በነበረበት ዘመን፣ ስልኩ ሲዘጋ ሲስተሙ “ሰውዬው ሄዷል፤ እንግዲህ ለማን ልሥራ?” ይልና ለተጀመሩት ሥራዎች ምልክት ይልክ ነበር። ምልክቱ ሲግሃፕ ይባላል፤ መጨረሻው “ሃንግ አፕ” ማለትም ስልክ መዝጋት ከሚለው ያጠረ ነው። ምልክቱ የደረሰው ፕሮግራም አስቀድሞ ሌላ ካልታዘዘ በቀር ይሞታል። ሞደሙ ቀረ። ምልክቱ ግን ዛሬም ሊኑክስ ውስጥ ቁጭ ብሏል። መስመራችሁ ሲቋረጥ የአራት ሰዓት ስሌታችሁን የሚገድለው እሱ ነው።

እና ቡና ልትጠጣ የወጣችው? ስሌቱን በቀጥታ አላስጀመረችውም። መጀመሪያ ቲመክስ የሚባል ፕሮግራም ውስጥ ገባች። ቲመክስን እዚያው ሰርቨሩ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ፈጽሞ የማይዘጋ ሰው በሉት። እናንተ ብትጠፉም መስመሩን ይዞ ይጠብቃችኋል። ስሌቱን ታስጀምራላችሁ፤ ኮንትሮልና ቢን አንድ ላይ ተጭናችሁ ትለቃላችሁ፤ ከዚያ ዲን። በቃ፣ ወጣችሁ። ማታ ከቤት ተመልሳችሁ “ቲመክስ አታች” ስትሉ ሁሉም ነገር ሥራውን ሲቀጥል ታገኙታላችሁ። ስክሪን የሚባል ታላቅ ወንድምም አለው፤ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ ዛሬም ያገለግላል። ስታቲስቲክስ ስንማር ይሄንን ከመጀመሪያው ቀን አለማሳየታቸው አሁንም ይቆጨኛል።

ቆዩ፣ ገና ነው። ቲመክስ ከኔትወርክ ያድናል እንጂ ከመብራት አያድንም። ሰርቨሩ ራሱ ከጠፋ እሱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለተኛ ምስጢር አላት።

ከመረጃው ደጋግሞ ናሙና እየወሰደ የሚያሰላውን ቡትስትራፕ ታውቁታላችሁ። 1,000 ዙር ይሄዳል እንበል። እሷ በየ50 ዙሩ ውጤቱን ፋይል ላይ ታስቀምጣለች። ኮዷ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያደርገው ያንን ፋይል መፈለግ ነው። 750 ላይ ቆሞ ካገኘው ከ751 ይቀጥላል።

ቀላል ይመስላል አይደል? ሁለት ጉድጓዶች አሉት። አንደኛው፣ አዲሱን ውጤት በአሮጌው ፋይል ላይ በቀጥታ ስትጽፉ መብራት በዚያች ቅጽበት ቢሄድስ? አዲሱ በግማሽ ቀረ፤ አሮጌውም ጠፋ። እሷ መጀመሪያ በሌላ ስም ትጽፋለች፤ ተጽፎ ሲያልቅ ብቻ ስሙን ወደ ዋናው ትቀይረዋለች። ሁለተኛው ይበልጥ ተንኮለኛ ነው። ብዙዎቻችን ውጤቱ እንዳይለዋወጥ ኮዱ አናት ላይ የዕጣ ማስጀመሪያ ቁጥር እንጽፋለን። ኮዱ ከ751 ሲቀጥል ግን ያው ቁጥር እንደገና ይነበባል፤ ዕጣው እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ይወጣል። ከ751 ጀምሮ ያሉት ዙሮች የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ቅጂ ሆኑ ማለት ነው! ስህተት የሚል ቀይ ጽሑፍ አይመጣም። ሠንጠረዡም ያምራል። መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ ዙር የራሱን ቁጥር መስጠት ነው። ይሄንን የሚያጣራ አንባቢ እምብዛም ስለማይገኝ፣ ማጣራቱ የእኛው ዕዳ ነው።

በብሮውዘር የምትሠሩ ደግሞ ጁፒተር በየሁለት ደቂቃው “ሴቭ ተደርጓል” ሲላችሁ ደስ አይበላችሁ። ሴቭ ያደረገው ኮዱንና ስክሪኑ ላይ የታየውን ነው። ራም ውስጥ ያለው፣ ስታጸዱት የዋላችሁበት ሠንጠረዥ አልተነካም። ጎግል ኮላብም በነፃው አገልግሎት ቢበዛ 12 ሰዓት ያቆያችኋል፤ ከዚያ ማሽኑ ላይ ያስቀመጣችሁት ፋይል አብሮት ይጠፋል። ፋይሉን ጎግል ድራይቭ ላይ አድርጉት።

አሁን ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚሠሩ ተማሪዎች ብቻ። ኤስፒኤስኤስ ድንገት ተዘግቶባችሁ አልቅሳችኋል? ፕሮግራሙ እናንተ ሳታዩት ማስታወሻ ይይዛል። በሜኑ እየመረጣችሁ ያስኬዳችሁትን ትንተና ትእዛዝ በትእዛዝ ጆርናል በሚባል ፋይል ላይ ይጽፈዋል፤ ካላጠፋችሁት በቀር ሁሌም ክፍት ነው። ቦታውን ለማወቅ ኤዲት፣ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ፋይል ሎኬሽንስ። ትእዛዞቹን ወደ ሲንታክስ መስኮት ገልብጣችሁ እንደገና ታስኬዷቸዋላችሁ። በእጃችሁ የሞላችሁትን ቁጥር ግን አይመልስም፤ መጠይቅ ስታስገቡ ኮንትሮልና ኤስ ከጣታችሁ አይጥፋ።

ባለፈው ደግሞ ምን ሆነ መሰላችሁ? ኔትወርኩ ሲመለስ ያቺ ልጅ ገና ቶናው ላይ ነበረች። ጠሯት። በረካውን ሳትጠጣ አልተነሳችም። ገብታ ተቀመጠች፣ “ቲመክስ አታች” ብላ ጻፈች። ስትወጣ 640 ላይ የነበረው ቆጣሪ 812 ላይ ደርሷል።