ከባክቴሪያ የሚገኘው ሙጫና የንግድ ጥቅሙ

በቁይና በአካባቢዋ ዳቦ የሚጋገርበትን የኮባ ቅጠል የማያውቅ ሰው የለም። በደቡብ አገራችን ለሚሊዮን ሕዝብ ምግብ የሆነው እንሰትም ይኸው ኮባ ነው። ይህ ተክል አጠውልግ የሚባል ክፉ በሽታ አለበት፤ የታመመው ሲቆረጥ ብጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል። በሽታውን የሚያመጣው የዛንቶሞናስ ወገን የሆነ ባክቴሪያ መሆኑን ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1968 ለዓለም ሊቃውንት አስታውቀዋል።

ዛንቶሞናሶች ስኳርን በስኳር ላይ እየቀጠሉ ረጅም ሰንሰለት ይሠራሉ፤ ሊቃውንቱ ፖሊሳካራይድ ይሉታል። ለገበሬው ኀዘን የሆነው ይህ ዝልግልግ ለፋብሪካው ሲሳይ ሆኖአል። ይኸውም ጎመን ከሚያጠቃው ዘመዱ ነው። አሊን ጂንስ የተባሉት ኬሚስትና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ፣ በፔኦሪያ ከተማ፣ በመንግሥት የምርምር ቤት መርምረውት ዛንታን የተባለው ሙጫ ተገኘ፤ በ1969ም በዚያ አገር ለምግብ ተፈቀደ።

አሠራሩን ጠላ የሚጠነስሱ እናቶች ቶሎ ይረዱታል። ስኳር በውሃ ተበጥብጦ በማይዝግ ብረት ጋን ይደረግና ባክቴሪያው ይጨመርበታል፤ ቀን ከሌሊት አየር ይነፋበታል። ፈሳሹ ሲወፍር በሙቀት ባክቴሪያው ይገደላል፤ ሙጫው በአልኮል ተለይቶ ይደርቅና ይፈጫል። ነገር ግን ጋኑ ሌላ ጀርም ከገባበት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ስለዚህ ሥራው የጓዳ ሥራ አይደለም።

የዛንታን ጠባይ እጅግ የሚያስገርም ነው፤ ሲጫኑት ይቀጥናል፣ ሲተዉት ይወፍራል። የጥርስ ሳሙና ከቱቦው በቀላሉ ወጥቶ ከብሩሹ ላይ የማይፈሰው በእንዲህ ያለ ሙጫ ነው። በሻምፖና በፊት ቅባት ዘይቱና ውሃው እንዳይለያዩ ያደርጋል፤ በነዳጅ ጉድጓድ ቁፋሮ ደግሞ የድንጋዩን ፍርፋሪ ወደ ላይ ተሸክሞ ያወጣል። የፊት ቆዳ የሚያረጥበው ሃያሉሮኒክ አሲድም ቀድሞ ከአውራ ዶሮ ራስ ቀይ ሥጋ ይወጣ ነበር፤ ዛሬ በብዛት የሚመረተው ከባክቴሪያ ነው።

ይህ ሁሉ ለቁይ ነጋዴ ምኑ ነው የሚል ቢኖር፣ መልሱ በጤፍ ጆንያው ውስጥ አለ። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ለእንጀራ ይህ አያስቸግርም። ስንዴ የማይስማማቸው ፈረንጆች ግን ከጤፍ የተነፋ ዳቦ ይሻሉ፤ ጋጋሪዎቻቸውም ሊጡ አየሩን እንዲይዝ ጥቂት ዛንታን ይጨምሩበታል። በማሸጊያው ላይ «ኢ 415» ተብሎ የሚጻፈው ይህ ነው። የጤፍ ዳቦ ዱቄት አሽጎ ለመሸጥ የሚያስብ ነጋዴ ይህን ወጪ ከወዲሁ ማስላት ይገባዋል፤ የሚገባው መጠን ጥቂት ቢሆንም ሙጫው የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነውና።

ይሁን እንጂ የገዛ ገበያችን ተልባም ዝልግልግ አለው፤ እርሱም ሊጡን በመጠኑ ያያይዛል። ቀለሙና ጣዕሙ ግን በዳቦው ላይ ይታወቃል፤ ዛንታን በጥቂቱ ሲገባ ይህ ነውር የለበትም። ስለዚህ ትእዛዝ ከመላክ በፊት ሁለቱንም በትንሽ ሊጥ ጋግሮ ማየት፣ የኪሎውንም ዋጋ ማስተያየት ይሻላል።