የማይጠራው ልጅ፣ ሳቸል ፔጅ እና ይድነቃቸው

ከገነተ ማርያም ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን የገና ጨዋታ የሚጀመረው በመራረጥ ነው። ሁለት አለቆች ፊት ለፊት ቆመው ልጆቹን ተራ በተራ ይጠራሉ። እኔ ሁሌም ከመጨረሻዎቹ ነበርኩ (እሩሯ ወደ እኔ ስትመጣ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ እውነቱን ልናገር)። ከእኔ በኋላ ግን ጭራሽ የማይጠራ አንድ ልጅ ነበር። አባቱ ቀጥቃጭ ናቸው። ዝንጀሮ ሲያባርር የሚወረውረው ድንጋይ ገደሉን ተሻግሮ ያርፋል። የገና ዱላችንንም በእሳት እየለበለበ የሚቆለምምልን እሱ ነው። እኛ ስንጫወት ካቡ ላይ ተቀምጦ ያያል፤ እሩሯ ገደል ስትገባ ወርዶ ያመጣልናል። ማምጣት ይፈቀድለት ነበር።

ይህን ልጅ ያስታወሰኝ በቀደም ማታ ስልኬ ላይ ያየሁት የቤዝቦል ቪዲዮ ነው። ቤዝቦል ላይ ፒቸር የሚባለው ተጫዋች ሥራው መወርወር ነው፤ ኳሷን ባላጋራው በዱላ እንዳይመታት አድርጎ ይለቃታል። እ.ኤ.አ. በ1906 አላባማ የተወለደው ሳቸል ፔጅ በዚህ ሥራ ወደር አልነበረውም ይባላል። ግን ጥቁር ነው። ዋናው ሊግ ለጥቁር ዝግ ስለነበር ጉልበት የነበረውን ዘመን የጨረሰው ጥቁሮች ለብቻቸው በሚጫወቱባቸው ሊጎች ነው። በሩን በ1947 ጃኪ ሮቢንሰን ከፈተው፤ በማግስቱ ዓመት ክሊቭላንድ ፔጅን አስፈረመ። ዋናው ሊግ ላይ መጀመሪያ ሲሰለፍ 42 ዓመት ከሁለት ቀኑ ነበር። በዚህ ዕድሜ “አዲስ ገቢ”! ያኔም ክሊቭላንድ ዋንጫውን በላ።

እኛስ ጋ? ይድነቃቸው ተሰማ የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም ጅማ ነው፤ አባታቸው ስመ ጥሩው ባለቅኔ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ወጣትነታቸው የዋለው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ያኔ ሐበሻ ከነጭ ጋር ኳስ አይጫወትም፤ ለየብቻ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ እንኳ ስሙን ተነጥቆ “ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር” ተብሎ ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ይድነቃቸው በጊዮርጊስ ማሊያ ለዓመታት ጎል አገቡ፤ ለብሔራዊ ቡድንም ተሰለፉ። እኔን የሚገርመኝ ግን ጎሉ አይደለም።

የካቲት 1949 ዓ.ም፣ ካርቱም። ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሊመሠርቱ ተሰብስበዋል፤ ይድነቃቸውም ከኢትዮጵያ ልዑካን አንዱ ናቸው። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም እዚያው ሊካሄድ ነው። ደቡብ አፍሪካ ወይ የነጭ ብቻ ወይ የጥቁር ብቻ ቡድን እንጂ ድብልቅ አላመጣም አለች። ሌሎቹ እንግዲያው አትጫወቺም አሏት።

እዚህ ላይ ክፉ አፍ ያለው ሰው የሚያነሳው ነገር አለ። የደቡብ አፍሪካ ተጋጣሚ ኢትዮጵያ ነበረች። እሷ ስትባረር እኛ ኳስ ሳንነካ ፍጻሜ ገባን። “ለራሳቸው ነው!” ለማለት ይመቻል። ፍጻሜው ላይ ግን ግብፅ 4 ለ 0 ቀጣችን፤ አራቱንም ያገባው ኤል ዲባ የሚባል አንድ ሰው ነው። ደግሞ ነገሩ በዚያ ዋንጫ አላበቃም። ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም ጀምሮ እስከ ሞቱበት ነሐሴ 1979 ዓ.ም ድረስ ካፍን ሲመሩ ዘረኛውን የደቡብ አፍሪካ ኳስ አላስገቡም። ደቡብ አፍሪካ ወደ ሜዳ የተመለሰችው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ እሳቸው አላዩትም። በ1954 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫውን ስንወስድ ግን አሰልጣኝ ሆነው ነበሩበት። ብዙዎቻችን የምናወራው ይህንን ነው። እኔ ካርቱምን አስበልጣለሁ።

ባለፈው ገና አገር ቤት ሄጄ ነበር። መራረጡ እንዳለ ነው፤ ሁለት አለቆች፣ ፊት ለፊት። ካቡን አየሁት። አንድ ልጅ ተቀምጦበታል። የማን ልጅ እንደሆነ ሳልጠይቅ አለፍኩ።