የዘር ሐረግ ወረቀት የማይነግረን፦ ስለ አቢሲኒያ ድመትና ስለ አርቢዋ



የዛሬውን ርእስ ያዩ አንዳንድ ባልደረቦቼ ፈገግ ማለታቸውን ሰምቻለሁ። አልፈርድባቸውም። በእኛ ዘንድ ድመት ከጎረቤት ትለመናለች እንጂ ብዙም አትገዛም፤ አይጥ ከያዘች አያቷ ማን እንደነበረች የሚጠይቅ የለም።

በአሜሪካ የምትኖር የእኅቴ ልጅ ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት «አቢሲኒያ» ከሚባለው ዝርያ አንዲት ግልገል ገዛች። የመረጠችው ስሙ የአገሯን ናፍቆት ስለቀሰቀሰባት ነው። ሻጩም እስከ አራት ትውልድ የሚቆጥር የዘር ሐረግ ምስክር ወረቀት ሰጣት። ድመቷ ዓመት ሳይሞላት ድዷ ነጣ፣ ምግብ ተወች፤ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። በምርመራ የተገኘው በዘር የሚተላለፍ የፓይሩቬት ካይኔዝ ኢንዛይም እጥረት ነበር። «ጋሼ፣ ወረቀቱ ሐሰተኛ ነበር ማለት ነው?» ስትል ደወለችልኝ። ወረቀቱ ሐሰተኛ አልነበረም።

በነገራችን ላይ ስሙም ቢሆን የትውልድ ምስክር አይደለም። ከ1868 እ.ኤ.አ. የመቅደላ ዘመቻ በኋላ «ዙላ» የተባለች ድመት ወደ እንግሊዝ ተወስዳለች ይባላል፤ የዘረመል ጥናቶች ግን የዚህን ዝርያ መነሻ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ያመለክታሉ።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። በ1906 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአሜሪካው ሲ ኤፍ ኤ፣ በ1910 የተመሠረተው የብሪታንያው ጂ ሲ ሲ ኤፍና መሰሎቻቸው የድመትን ወላጆችና አያቶች ይመዘግባሉ። ምዝገባው «ይህች የእገሌና የእገሊት ልጅ ናት» ይላል እንጂ «ጤነኛ ናት» አይልም። የተጠቀሰው የኢንዛይም እጥረት የሚገለጠው ጉድለት ያለበት ዘረመል ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ብቻ ነው። አንድ ቅጂ ብቻ ያላት ድመት ተሸካሚ ትባላለች፤ በዚህ በሽታ አትታመምም፣ በውድድር ልትሸለምም ትችላለች። ሁለት ተሸካሚዎች ሲዳቀሉ ግን እያንዳንዱ ግልገል የመታመም ዕድሉ 25 በመቶ ነው። ሬቲናን ቀስ በቀስ የሚያጠፋውና በዚሁ ዝርያ የሚታወቀው አንድ የዓይን በሽታም የሚወረሰው በዚሁ መንገድ ነው፤ ግልገሏ እያየች ትወለዳለች፣ ዓይኗ የሚጠፋው ካደገች በኋላ ነው።

ሁለቱም ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ በሚወሰድ ናሙና ይመረመራሉ። ስለዚህ አርቢውን የምንጠይቀው የሁለቱንም ወላጆች የዘረመል ውጤት ነው። በውጤቱ ላይ ያለው የማይክሮቺፕ ቁጥር ከድመቷ ጋር መመሳሰሉንም እናያለን። «ሐኪም አይቷታል» የሚለው መልስ አይበቃም፤ ሐኪም በጆሮ ማዳመጫው ዘረመል አይሰማም።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። ተሸካሚን ሁሉ ከእርባታ የሚያስወግድ አርቢ የተሻለ ይመስላቸዋል። አቢሲኒያን በመሰለ ጠባብ ዝርያ ይህ ሌላ መዘዝ ያመጣል፤ የቀሩት ጥቂቶች እርስ በርስ ሲዳቀሉ ያልታወቁ ጉድለቶች ይደራረባሉ። ተሸካሚን ከነጻ ጋር ማዳቀል የታመመ ግልገል አያስወልድም። ለኩላሊት አሚሎይዶሲስ ደግሞ አስተማማኝ የዘረመል ምርመራ የለም፤ ስለዚህ «በእኔ ዘንድ ምንም በሽታ የለም» ከሚል ይልቅ የትኛው ድመቱ በምን እንደሞተ የሚነግረኝን አምናለሁ።

የቀረውን ባጭሩ ልበል። ፍለጋው ከዝርያው ማኅበራትና ከድመት ትርዒቶች ቢጀመር ይሻላል፤ ቤቱን ሳያሳይ ቀብድ የሚጠይቅን መሸሽ ነው። እናቲቱን በቤቷ፣ ከልጆቿ ጋር ማየት ያሻል። ግልገል ከ12 ሳምንት በፊት ከእናቷ ባትለይ መልካም ነው። ውሉ ድመቷን ማቆየት ባይቻል አርቢው መልሶ እንደሚቀበላት ይግለጽ።

የእኅቴ ልጅ ሁለተኛዋን ድመት ለማግኘት ስምንት ወር ጠበቀች። አርቢዋ የቤቷን መስኮቶች፣ የሥራ ሰዓቷን፣ ስትጓዝ ድመቷን ማን እንደሚጠብቅላት ሳይቀር ጠየቀቻት፤ ልጅቱም ተቆጥታ ደወለችልኝ። ከዚያም አርቢዋ ሳትጠየቅ ሁለት ወረቀት አወጣች፦ አባትየው ነጻ፣ እናቲቱ ተሸካሚ። «ጋሼ፣ ልተወው?» አለችኝ። «ውሰጃት» አልኳት።