ከወተት ጠርሙስ ክዳን እስከ መሪ ውሻ

ዓይነ ስውር ወገንን ለመርዳት የተነሣ ማኅበር ሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚል ነው። መሪ ውሻ በማሠልጠን ረገድ በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር መልሱ በአብዛኛው የተገኘው ከሕዝብ መዋጮ ነው። ከፊሉም ከገበሬ ቤት የመጣ በመሆኑ ለገበሬ ማኅበራት መሪዎች እንግዳ ነገር አይሆንም።

የመጀመሪያው የመሪ ውሻ ትምህርት ቤት በ1916 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በጀርመን፣ በኦልደንቡርግ ከተማ ሲከፈት ዓላማው በጦርነት ዓይናቸውን ያጡ ወታደሮችን መርዳት ነበር። በስዊዘርላንድ ውሻ ያሠለጥኑ የነበሩት አሜሪካዊት ዶሮቲ ዩስቲስ በ1927 ስለዚሁ ሥራ ጽሑፍ አወጡ። ጽሑፉ የተነበበለት የቴነሲው ዓይነ ስውር ወጣት ሞሪስ ፍራንክ በ1928 ስዊዘርላንድ ድረስ ተጉዞ ሠልጥኖ፣ በዲ ከተባለች ውሻው ጋር ተመለሰ። በማግስቱ ዓመት «ዘ ሲይንግ አይ» የተባለው ትምህርት ቤት በናሽቪል ተቋቋመ።

ትምህርት ቤቱ ለመጀመሪያ ውሻ የሚያስከፍለው 150 ዶላር ብቻ ሲሆን፣ ዋጋው ከ1934 ወዲህ አልጨመረም። ወጪው ከዚህ እጅግ የበዛ ነው፤ ልዩነቱን የሚሸፍነው የለጋሾች መዋጮ ነው። ታዲያ ጥቂቷስ ለምን ተጠየቀች ቢባል፣ ዓይነ ስውሩ ውሻውን በምጽዋት እንዳገኘ ሳይሆን እንደ ገዛ ንብረቱ እንዲይዘው ነው።

ገንዘብ ብቻውን ግን መሪ ውሻ አያወጣም። ከ1942 ጀምሮ ቡችሎቹን ያሳደጉት በኒው ጀርሲ የሚገኙ «ፎር ኤች» የተባለው የገጠር ወጣቶች ክበብ አባላት ናቸው። ልጁ ቡችላውን ተቀብሎ ዓመት ያህል ያሳድገዋል፤ ከሰው፣ ከመኪናና ከገበያ ግርግር ጋር ያላምደዋል። ከዚያም ለሥልጠና መልሶ ያስረክባል። ከእጁ በልቶ ያደገን እንስሳ አሳልፎ መስጠት ኪስ ከመዳበስ የሚከብድ መዋጮ መሆኑን ከብት ያሳደገ ሰው ያውቀዋል።

በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያዎቹ አራት መሪ ውሾች ለሥራ የበቁት በ1931 በዋላሲ ነው። ከዚያ ወዲህ በየሱቁ በር የቆመ፣ የውሻ ቅርጽ ያለው የሳንቲም ሣጥን የተለመደ ሆነ። በ1964ም «ብሉ ፒተር» በተባለ የልጆች ቴሌቪዥን ፕሮግራም ጥሪ፣ ሕፃናት ከየቤቱ የወተት ጠርሙስ ክዳንና የብር ወረቀት ለቅመው ለመሪ ውሻ የሚሆን ገንዘብ አስገኝተዋል። ገንዘብ ያልነበረው ልጅ ቆሻሻ ከሚጣልበት ለቅሞ አዋጣ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል መሪ ውሻ ለየአገሩ ይስማማል ማለት አይደለም። ሠልጥኖ የወጣው ውሻ የእንስሳት ሐኪም፣ በቂ ቀለብና ክትባት ይፈልጋል፤ ባለቤት የሌላቸው ውሾች በሚርመሰመሱበት መንገድ ላይም ሥራውን በሚገባ ሊያከናውን አይችልም። በኢትዮጵያ ገጠር የዓይነ ስውሩን በትር ጫፍ ይዞ የሚመራው ብዙውን ጊዜ ልጅ ነው። ሲመራ የሚውል ልጅ ደግሞ ትምህርት ቤት አይውልም። ስለዚህ አንድ ማኅበር ለዚህ ጉዳይ መዋጮ ቢያነሣ፣ ከውሻ በፊት የሚቀድመው ነጭ በትርና በበትሩ አካሄድ የሚያስተምር ሰው ነው።

በትሩ መሬት ላይ ያለውን ድንጋይና ጉድጓድ ይነግራል፤ በፊት ትይዩ የተንጠለጠለውን የግራር እሾህ ግን አይደርስበትም። ዓይነ ስውሩ ከቤቱ ወደ ምንጩ፣ ወደ ገበያውና ወደ እድሩ የሚሄድበትን መንገድ መመንጠር ሳንቲም አይጠይቅም፤ በደቦ ከተወጣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።