አሮጌው ትራክተር፣ አዲሱ ትራክተርና የአምባሰል ዳገት

የአዲስና የአሮጌ ትራክተር ትልቁ ልዩነት ናፍጣው ወደ ሞተሩ የሚገባበት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1975 በተመረተው ማሴይ ፈርጉሰን 135 ላይ፣ ወይም በደርግ ዘመን ናዝሬት ይገጣጠም በነበረው ቤላሩስ ላይ፣ ፖምፓው ከሞተሩ ጋር በጥርስ ተያይዞ እየዞረ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር በየተራው ናፍጣ ይገፋል። በአዲሶቹ ላይ ግን ናፍጣው ከ1,500 ባር በላይ በሆነ ግፊት በአንድ ወፍራም ቱቦ ውስጥ ታምቆ ይቆያል፤ መቼና ምን ያህል እንደሚረጭ የሚወስነው ኮምፒውተር ነው። በዚህም ነዳጅ ይቆጠባል፣ ጭስም ይቀንሳል።

ጣጣው ሲበላሽ ነው። አሮጌው ትራክተር ናፍጣ ጨርሶ አየር ቢገባበት፣ ሾፌሩ የፊልትሮውን ብሎን ላላ አድርጎ የእጅ ፖምፓውን ይመታል። አረፋ ሲተፋ የቆየው ናፍጣ ጠርቶ መውረድ ሲጀምር ብሎኑን አጥብቆ ያስነሳዋል። በአዲሱ ላይ ግን አንድ ሴንሰር ቢታመም ኮምፒውተሩ የሞተሩን ጉልበት ሊቀንስ ይችላል፤ ችግሩን ለይቶ ለማስተካከልም ብዙውን ጊዜ የአምራቹ ሶፍትዌር ያስፈልጋል። አሜሪካውያን ገበሬዎች እንኳ በዚሁ ጉዳይ ከትራክተር አምራቹ ጆን ዲር ጋር ለዓመታት ተሟግተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአገሪቱ የንግድ ኮሚሽን ኩባንያውን ከሷል። የወኪል ጋራዥ በቅርብ በሚገኝበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ ደቡብ ወሎ፣ ውጫሌ ላይ የቆመ ትራክተር ስንት ቀን እንደሚቆም መገመት አያዳግትም። የእርሻ ወቅት ደግሞ አይጠብቅም።

ይሁንና አሮጌውን ማሞገስም ልክ አለው። እዚያው ደቡብ ወሎ ያለችው የሐይቅ ከተማ ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ 45 የፈረስ ጉልበት ያለው ማሴይ እዚያ ሲደርስ 36 ወይም 37 ቢቀረው ነው። ፖምፓው የናፍጣውን መጠን ስለማይቀንስ ያልተቃጠለው በጥቁር ጭስ ይወጣል።

ከዚህ የሚብሰው መገልበጥ ነው። አብዛኞቹ አሮጌ ትራክተሮች ሲሠሩ ሾፌሩን ከመጨፍለቅ የሚያድን የብረት ቅስት አልነበራቸውም። ስዊድን ይህን መከላከያ በአዳዲስ ትራክተሮች ላይ ያስገደደችው እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሆን፣ በመገልበጥ የሚሞተው ሰው ከዚያ ወዲህ በእጅጉ ቀንሷል። በአምባሰል ተዳፋት ላይ ያለ ቅስት ማረስ ከሞት ጋር መቀለድ ነው።

ደግሞ መሬቱ አለ። የተሁለደሬና የአምባሰል ወረዳዎች ማሳ ጠባብ፣ የተበታተነና ብዙው በእርከን የተያዘ ነው። ጥማድ በሬ ጠርዝ ሲደርስ እዚያው ታጥፎ ይመለሳል፤ ባለ አራት ጎማ ትራክተር ግን መዞሪያ አጥቶ እርከኑን ይንዳል። አዲስም ሆነ አሮጌ፣ ዳገቱ የበሬ ነው። ለጠባብ ሜዳ በእጅ የሚመራው ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ይበቃል፤ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተሩንም የሰፈር መካኒክ ይፈታዋል።

ሰፋ ላለ ሜዳ የሚመረጠው ሜካኒካል ፖምፓ ያለው፣ ቱርቦና የብረት ቅስት የተገጠመለት መካከለኛ ትራክተር ነው። ቱርቦ የሚዞረው ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ስለሆነ ኮምፒውተር አይፈልግም፤ ቅስቱም በአሮጌ ትራክተር ላይ ሊገጠም ይችላል። ገዢ በዋጋ ከመከራከሩ በፊት መለዋወጫውና የሚያውቀው መካኒክ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ መኖራቸውን ያጣራ።